የወፍጮ ቺንጋ ይከለል





እኔ በሐዋሳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት ከከተማው ወጣ ባለ ቀበሌ፣ የኤሌክትሪክ መሥመር ባልደረሰበት ስፍራ፣ በናፍጣ ሞተር የሚሠራ ወፍጮ ያለው አንድ ሰው ጠፍጣፋው ቺንጋ ተበጠሰበትና «መምህር፣ ስንት ሜትር ልግዛ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ደስ ብሎኝ እርሳስና ወረቀት አወጣሁ። የሞተሩ መዘውር ዲያሜትር 30 ሳንቲሜትር፣ የወፍጮው 60፣ ከመካከል እስከ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 3 ሜትር ነበረ። የርቀቱን እጥፍ ከሁለቱ መዘውሮች የዙሪያ ግማሽ ጋር ደምሬ 7 ሜትር ከ41 ሳንቲሜትር ያህል ነው አልሁት። በሒሳቡ በኩል ስሕተት አልነበረበትም። ሰውየው በዚያው ልክ ቆርጦ ሰፋው።

ነገር ግን አዲስ ቺንጋ ይለጠጣል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ላልቶ መንሸራተት ጀመረ፤ ባለወፍጮውም እንደ ልማዱ ሙጫ ቀባበት። አንድ ቀን በቆሎ ልታስፈጭ የመጣች ሴት ጎንበስ ብላ ጆንያዋን ስታነሣ ቺንጋው የነጠላዋን ጫፍ ነጠቃት። ትከሻዋን ይዞ ሊጎትታት ሲል ግን የላላው ቺንጋ ከመዘውሩ ወጥቶ መሬት ወደቀ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ብቻ አጥታ ወደ ቤቷ ገባች። እንግዲህ ይህች እናት የዳነችው በጥንቃቄ አይደለም። የዳነችው የእኔ ልኬት ለሥራው የማይበቃ ስለ ነበረ ነው።

ይህ ነገር ከልቤ አልጠፋ አለኝ። እሑድ እሑድ ወደ አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲጠግኑ መመልከት ልማዴ ነው። እዚያ የማውቃቸው አንድ አረጋዊ መካኒክ አሉ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት፣ በወጣትነታቸው፣ በሻሸመኔ አካባቢ በነበሩት ሰፋፊ እርሻዎች ትራክተር ይጠግኑ ነበር። በዚያ ዘመን የነበረ ትራክተር መዘውር ይገጠምለትና በረጅም ቺንጋ መውቂያም ወፍጮም ያዞር ነበር። ታሪኩን ስነግራቸው ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ ቺንጋ በወረቀት አይለካም» አሉኝ። መጀመሪያ ሞተሩን ወደ ወፍጮው ጥቂት ማስጠጋት፣ ከዚያ በሁለቱ መዘውሮች ላይ ገመድ አዙሮ መለካት፣ ቆርጦ ከሰፉ በኋላ ሞተሩን ወደ ኋላ እየሳቡ ማወጠር ነው። ጫፎቹ በማዕዘን ካልተቆረጡ ቺንጋው ወደ ጎን ይሄዳል። የስፌቱ ቀዳዳዎች በአንድ መሥመር ከተደረደሩ እንደ ቴምብር ወረቀት በዚያው ይቀደዳል። በመዘውሩ በኩል ያለው ስፌት ከቺንጋው ጋር ቀጥ ብሎ ይሂድ፤ መስቀለኛው በውጭ በኩል ይሁን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የእጅ ሥራ መምህራችን ቆዳ ስንሰፋ ይህንኑ ሲነግሩን እኔ እንቅልፌን እተኛ ነበር። ደግሞም የሚጎትተው ጎን ከታች፣ የላላው ከላይ ቢሆን የላይኛው ረገብ ብሎ መዘውሩን አብዝቶ ያቅፈዋል። ከልክ በላይ የተወጠረ ኩሽኔታ ይበላል። ሙጫ መቀባት ግን የሰነፍ ሥራ ነው አሉ፤ ቺንጋውን አጽድቶ ማወጠር ይሻላል።

እንደ ነገሩኝ አደረግን። ቺንጋው ዛሬ አይንሸራተትም፤ ዱቄቱም ደኅና ይፈጫል። እኔን ያስጨነቀኝ ይኸው ነው። ሊስተር የተባለው የቀድሞው የእንግሊዝ ሞተር በደቂቃ 650 ጊዜ ይዞራል። 30 ሳንቲሜትር መዘውር በዚህ ፍጥነት ሲዞር ቺንጋው በሰከንድ 10 ሜትር ይሮጣል ማለት ነው። ነጠላ በሩብ ሰከንድ ያልቃል። በደንብ የተሰፋና የተወጠረ ቺንጋ ደግሞ እንደ ፊተኛው ወድቆ ምሕረት አያደርግም።

ስለዚህ በእኔ አሳብ ቺንጋው ከነመዘውሮቹ በእንጨትና በሽቦ ወንፊት መከለል አለበት። ይህን አንድ አናጢ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ባለወፍጮው ግን ቺንጋው ሲወጣ ሞተሩን ሳላጠፋ በእጄ እንዳልመልሰው ይከለክለኛል ብሎ ተከራከረኝ። እኔ ደግሞ ክልሉን የምወድደው በዚህም ምክንያት ነው።

ይህ ደብዳቤ በየመሥሪያ ቤቱ ለምትሠሩ አንባቢያን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያዝዛል። ጆንያ ተሸክማ የመጣች እናት ግን የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ አይደለችም። እርስዋን የሚያስብላት የንግድ ፈቃዱን የሚያድሰው ሰው ነው፤ ማኅተሙን ከመምታቱ በፊት «ቺንጋህ ተከልሏል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቢቻልም ሄዶ ቢያይ፣ ከእኔ ስብከት ይልቅ ይሰማል። እኔ ደጋግሜ ስነግረው ባለወፍጮው «ፈቃድ ሰጪው ያላዘዘኝን መምህር ምን አግብቶት ያዝዘኛል?» አለኝ።

የንግድ ፈቃድ የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን ነው።

አንድ መምህር
ከአሞራ ገደል፣ ሐዋሳ