እርጥቡና ደረቁ

በየጓዳችን ተበላሽቶ የሚጣለውን ምግብና ወረቀት በጽሞና ለመረመረ ሰው፣ የብክነቱ ምንጭ የሀብት መትረፍረፍ ሳይሆን እርጥቡን ከደረቁ ለይቶ አለማኖር መሆኑ አይሰወረውም።

ከምጣድ የወጣ እንጀራ በሰፌድ ተዘርግቶ ሳይበርድ በመሶብ ቢደራረብ፣ ይልቁንም በፌስታል ቢታሰር፣ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ወደ ውሃነት ይመለስና በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሻጋታው ብቅ ይላል፤ ከእርሾው ያገኘው ኮምጣጣነት ብቻውን አይታደገውም። የሻገተውን ቆርሶ ጥሎ ቀሪውን መብላትም (ብዙዎቻችን እናደርገዋለን) አይበጅም፤ ሥሩ ዓይን ከሚያየው አልፎ ይዘልቃልና። እናቶቻችን ሻጋታውን ቁጭ ብለው አይጠብቁም ነበር፤ የተረፈውን እንጀራ ገና በደኅናው ቆራርሰው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው ድርቆሽ ያደርጉታል፤ ሥጋውን ዘልዝለው፣ በጨውና በበርበሬ አሽተው፣ ነፋስ በሚያገኘው ገመድ ላይ ይሰቅሉታል፤ ቅቤውንም ውሃው እስኪያልቅ ያነጥሩታል። መልኩ ሦስት ቢሆንም ጥበቡ አንድ ነው፤ ውሃን ማራቅ። ያ ድርቆሽ ዛሬ ባሕር ተሻግሮ በዓረብ አገርና በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ስንቅ ሲሆን፣ እዚህ ግን ማቀዝቀዣ የገዛ ቤተሰብ የድኻ ምግብ ነው ብሎ ይንቀዋል።

ወረቀቱም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል። ያለቀ ደብተርና የተነበበ ጋዜጣ በደረቅ ጥግ ከተከመረ ቆራሌው ወይም ባለ ሱቁ ይወስደዋል፤ ወጥ የነካው እንደ ሆነ ግን ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ገንዳው ይወርዳል፤ ከዚያም የቆሻሻ ተራራን ያገዝፋል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ነፍሳትን እንደ ቀጠፈ የሚያስታውስ ሰው፣ ከደጁ የሚወጣውን ከረጢት እንደ ቀላል ነገር ሊያየው አይገባም። የተነበበውን ጋዜጣ የትኩስ ዳቦ መጠቅለያ ማድረግ ግን ቀለሙን አብሮ ማብላት ነው።

ለቆራሌው ከመስጠት አስቀድሞ ክምሩን አንድ ጊዜ ማገላበጥ ያሻል፤ ስምና የሒሳብ ቍጥር ያለበት ደረሰኝ ይቀደድ፤ ሥዕለ ቅዱሳን የታተመበት ገጽ ደግሞ የበርበሬ መቋጠሪያ እንዳይሆን ለብቻው ይቀመጥ።