አስተማሪዋ ልጃችን ትሂድ ወይስ ትቅር?

ለዛሬ ያሰብኩት ጉዳይ በየቤቱ የሚነሳ፣ ብዙ ጊዜም በኩርፊያ የሚያልቅ ነው። የተማረ ልጃችን “ውጭ አገር ሄጄ ላስተምር” ሲል ቤተሰብ ምን ይበል?

ነገሩ ሰሞኑን ከእኛም ቤት ገባ። የእህቴ ልጅ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረች 6 ዓመት ሆኗታል። አንድ ደላላ ቻይና ውስጥ ለሕፃናት እንግሊዝኛ የምታስተምርበት ሥራ እንዳለ ነገራት። በወር የሚከፈላት እዚህ በዓመት ከምታገኘው ይበልጣል ተባለ። ብቻዋን የምታሳድጋት የ5 ዓመት ልጅ አለቻት፤ እሷ ከሄደች ሕፃኗ ከአያቷ ጋር ትቀራለች ማለት ነው። የእህቴ ባል “የመጣ ሲሳይ አይገፋም” አለ። እህቴ ደግሞ “ጉልበቴን እያያችሁት ነው ሕፃን ጥላብኝ የምትሄደው?” ብላ አለቀሰች። እኔን “ታላቅ ነህና አንድ ነገር በል” አሉኝ።

ከመናገሬ በፊት የድሮው ትዝ አለኝ። የእኔ እኩዮች እንግሊዝኛ የተማርነው ከማን ነው? ወላጆቻቸውን ትተው ከመጡ የሰው አገር ልጆች አይደለም እንዴ? “ፒስ ኮር” የምንላቸው የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች፣ የመጀመሪያዎቹ 300 ገደማ የሚሆኑት፣ የመጡት ለ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ነበር። ብዙዎቹ ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጡ ወጣቶች ናቸው። እኔን ደሴ ላይ ሰባተኛ ክፍል ያስተማረችኝን ወጣት እናቷ ደብዳቤ ሳትጽፍላት አትሰነብትም ነበር፤ ቴምብሩን ከፖስታው እየላጠች ለእኛ ትሰጠናለች። የህንድ አስተማሪዎቻችንንም የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ፤ አንዳንዶቹ ከነቤተሰባቸው መጥተው እኛው ሠፈር ዓመታት ኖረዋል።

ስለዚህ ቋንቋ ለማስተማር ባሕር መሻገር አዲስም ነውርም አይደለም። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች እንዴት እንደመጡ ልብ በሉ። የፒስ ኮሩ ቆይታ 2 ዓመት መሆኑ ከመነሻው የታወቀ ነው። ቢታመም የሚያሳክመው፣ ቢቸገር የሚደርስለት፣ ሲጨርስም የሚመልሰው ድርጅት ነበረው። የህንዶቹም ቅጥር በኮንትራት ነው። ለልጃችንም የምንመኘው ይህንኑ ነው፤ የመመለሻ ቀኗ የታወቀ፣ ከኋላዋ የሚቆምላትም ያለ እንዲሆን። ስለዚህ “ሂጂ” ወይም “ቅሪ” ሳልላት የሚጠየቁትን ጥያቄዎች በወረቀት ጻፍኩላት።

አንደኛው፣ ቪዛው የምን ቪዛ ነው? በቻይና ሕግ ተቀጥሮ የሚሠራ የውጭ ዜጋ “ዜድ” የሚባለውን የሥራ ቪዛ ይዞ መግባት አለበት፤ ከገባም በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ለመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ይጠበቅበታል። በጎብኚ ቪዛ ገብቶ ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ጥፋቱ ከከበደ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ቀን ሊታሰር ይችላል።

ሁለተኛው፣ ሥራው ለእሷ የተፈቀደ ነው ወይ? ቻይና አንድ የቋንቋ አስተማሪ በመርህ ደረጃ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን እንዲያስተምር፣ የመጀመሪያ ዲግሪና የ2 ዓመት የማስተማር ልምድም እንዲኖረው ትጠይቃለች። የእህቴ ልጅ ዲግሪውም ልምዱም አላት፤ አፏን የፈታችው ግን በአማርኛ ነው። ደቡብ ኮሪያም ለእንግሊዝኛ አስተማሪዎች የምትሰጠው ቪዛ በዋናነት እንግሊዝኛ ለሚነገርባቸው 7 አገሮች ዜጎች ነው። የልጅቷ እንግሊዝኛ ከብዙ ፈረንጅ ሊሻል ይችላል፤ ኤምባሲው ግን ፓስፖርቷን ነው የሚያየው። ደላሎች ይህን ሲናገሩ አልሰማሁም።

ሦስተኛው፣ ውሉን ከመሳፈሯ በፊት አንብባ ትፈርማለች ወይ? የአሠሪው ስም፣ በሳምንት የምታስተምረው ክፍለ ጊዜ፣ የቤት ኪራይ፣ ሕክምና፣ የመመለሻ ትኬት፣ ውሉ ቢቋረጥ ማን ምን እንደሚከፍል፣ ሁሉም በጽሑፍ መስፈር አለበት። ፓስፖርቷ በራሷ እጅ መቆየቱም ይጠየቅ።

አራተኛው ጥያቄ ለእኛው ለቤተሰቦች ነው። “አያቷ አለች” ማለት ቀላል ነው። አያቲቱ ግን 64 ዓመቷ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ሕፃኗ ሌሊት ብታተኩስ ሐኪም ቤት ይዟት የሚሮጠው ማን ነው? ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ ማን ይሄዳል? ለአያቲቱ በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ ውክልና ይሰጣታል ወይ? ከሚላከው ገንዘብ ስንቱ ለሕፃኗ፣ ስንቱ ለዕቁብ፣ ስንቱ ለቤት እንደሚሆን አስቀድሞ ካልተነገረ እናትና ልጅ የሚቀያየሙት በኋላ በስልክ ነው። ሕፃኗም ትጠይቃለች። “እናትሽ ትመጣለች” ስትባል “መቼ?” ማለቷ አይቀርም፤ እውነተኛ መልስ ሊኖረን ይገባል።

ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ደላላው ዘንድ ሄደች። ከመጀመሪያው ጥያቄ አላለፈም። “በጎብኚ ቪዛ ትገቢያለሽ፤ የቀረው እዚያ ይስተካከላል፤ ስንቱ እየሠራ ነው” አላት። ቅድሚያ ክፍያም ጠየቃት። ሦስት ቀን አሰበችበትና “ጋሼ፣ በዚህኛው አልሄድም” አለችኝ።

እህቴ እልል አለች። እኔ ግን እልልታው ቶሎ እንዳይመጣ ፈልጌ ነበር፤ ምክንያቱም ልጅቷ እንድትሄድ የገፋት ችግር ዛሬም አለ። ደመወዟ ወር አያደርሳትም፤ የቤት ኪራዩም አልቀነሰም። ቅሪ ብሎ የለመነ ቤተሰብ መቅረቷ የሚያስከፍላትን አብሮ መሸከም አለበት። ይህን ለእህቴና ለባሏ ነገርኳቸው። አባቷ የሕፃኗን የትምህርት ቤት ክፍያ ሊችል ተስማማ። እህቴም በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ሕፃኗን ልትይዝላት ቃል ገባች፤ በዚያ ሰዓት ልጅቷ ተማሪዎች በግል ታስጠናለች። ይህም ቢሆን ዕድሜዋን ሙሉ ያኖራታል ብዬ አልዋሽም። ሕጋዊ በር የሚከፍትላት ሌላ አገር እየፈለገች ነው። አንድ ቀን ሙሉ ወረቀት ይዛ ከመጣች፣ እህቴ ታለቅሳለች፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ግን መርቀን እንሸኛታለን።

የእናንተም ልጅ እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ሲመጣ፣ ከመቆጣትም ከመደሰትም በፊት ቡና አስፈልታችሁ ወረቀቱን አብራችሁ አንብቡ። ወረቀት ከሌለ ለጊዜው የሚወሰን ነገር የለም።