ስም ገበያ ላይ ሲውል

“ስም ከመቃብር በላይ ይውላል” ይላሉ አበው። በስኮትላንድ ግን ስም ገበያ ላይ ይውላል። ገንዘብ ያለው ሰው፣ ከየትም አገር ይምጣ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ከፍሎ ረግጦት የማያውቀው መንደር “ባሮን” መሆን ይችላል። ነገሩ ማጭበርበር አይደለም፤ ሕጋዊ ነው። የሚያስቆጣውም ሕጋዊ መሆኑ ነው።

በቅድሚያ ሁለቱ ባሮኖች ይለዩ። በእንግሊዝ ባሮን ማለት ከዱክ ጀምሮ የሚወርደው የመኳንንት ተዋረድ፣ ማለትም የፒሬጅ፣ የመጨረሻው እርከን ነው። ማዕረጉን የሚሰጠው ዘውዱ ነው። ባለማዕረጉ “ሎርድ” ይባላል። ማዕረጉ ወይ በዘር ይተላለፋል፣ ወይ ደግሞ ከ1958 (እ.ኤ.አ.) ሕግ ወዲህ እንደተለመደው ከሰውየው ጋር ያበቃል። አይሸጥም፣ አይለወጥም።

የስኮትላንዱ ባሮን ሌላ ነው። በስኮትላንድ የመጨረሻው የፒሬጅ እርከን “የፓርላማ ሎርድ” እንጂ ባሮን አይባልም። የአገሩ ባሮን ማዕረጉን የሚያገኘው ከመሬቱ ነበር፤ መሬቱን ሲሸጥ ማዕረጉም አብሮ ይሄዳል። ሎርድ አይባልም፤ “የዚህ ቦታ ባሮን” ብቻ ነው።

ያኔ ማዕረጉ ባዶ አልነበረም። ለአማርኛ አንባቢ ጉልትን ያስታውሳል፤ መሬት ብቻ ሳይሆን በመሬቱ ላይ በሚኖረው ሰው ላይ ሥልጣን ነበረበት። ባሮኑ የራሱ ችሎት ነበረው፤ “ጉድጓድና መስቀያ” በሚባለው ሥልጣኑ እስከ ሞት ይቀጣ ነበር። የ1745ቱ የጃኮባውያን አመፅ ከከሸፈ በኋላ የለንደን ፓርላማ ይህን ሥልጣን ገፈፈውና ጥቃቅን ጉዳዮች ብቻ ቀሩለት።

ከዚያ የስኮትላንድ ፓርላማ መጣ። በ2000 ባወጣውና ኅዳር 2004 ሥራ ላይ ባዋለው ሕግ፣ መሬት ከበላይ ጌታ በሚወርድ ሰንሰለት የሚያዝበትን የፊውዳል ሥርዓት ሻረ። የባሮኑ የችሎት ሥልጣን ርዝራዥም ቀረ። ማዕረጉ ግን ከመሬቱ ተነጥሎ በሕይወት እንዲቆይ ተደረገ፤ እንደማንኛውም ንብረት ይሸጣል፣ ይወረሳል። መሬቱ ቀረ፣ ችሎቱ ቀረ፣ ኃላፊነቱ ቀረ፤ ስሙ ብቻ ተረፈ። ሽያጩ ከዚያ ወዲህ በመንግሥት የመሬት መዝገብ ላይ እንኳ አይሰፍርም።

በሌላ በኩል በዚያችው ብሪታንያ በሎይድ ጆርጅ ዘመን ማዕረግ በገንዘብ ተቸበቸበ ተብሎ አገር ከታመሰ በኋላ፣ የ1925ቱ ሕግ የክብር ማዕረግ መሸጥን ወንጀል አድርጎታል። ደላላው ሞንዲ ግሪጎሪም በ1933 ተፈርዶበት ታስሯል። ታዲያ ዘውዱ የሚሰጠውን ክብር መሸጥ ነውር ከሆነ፣ ከተሻረ ሥርዓት የተረፈውን ማዕረግ መሸጥ ስለምን ጨዋ ንግድ ይሆናል?

የማዕረጉ ተሟጋቾች መልስ አላቸው። “ገንዘብ የወጣበት ንብረት ነው፤ ያለ ካሳ አይነጠቅም። ደግሞስ ማንን ጎዳ?” ይላሉ። የመጀመሪያው ክርክር ሚዛን ይደፋል። ግን ይነጠቅ ያለ የለም። ባለቤቱ ይዞት ይኑር፣ ለልጁም ያውርስ፤ ለማያውቀው ሰው መሸጡ ግን ይብቃ።

ማንን ጎዳ ለሚለው፣ ያው ፓርላማ በ2003 የገጠር ነዋሪዎች ተደራጅተው መሬታቸውን መግዛት የሚችሉበትን መብት ደንግጓል። ስለ መሬቱ ነዋሪው ይቅደም ተባለ፤ በመንደሩ ስም የሚጠራው ባሮን ግን በመንደሩ ቤትም ግዴታም የሌለው ባዕድ ሊሆን ይችላል። የዋጋው ምንጭም ቢሆን በአብዛኛው ውዥንብር ነው። የውጭ አገር ሰው “ባሮን” ሲል የሚታየው ፒሬጁ ነው፤ ሁለቱ እንደማይገናኙ ሁሉም ቢያውቅ ስንት ገዢ ይቀር ነበር?

በኢንተርኔት “አንድ ጫማ ካሬ መሬት ገዝተው ሎርድ ይሁኑ” የሚለው ማስታወቂያማ ከዚህም የወረደ ነው። የስኮትላንድ የአርማና የማዕረግ ባለሥልጣን የሆነው ሎርድ ላየን፣ እንዲህ ያለ ቁራሽ መሬት ማዕረግ እንደማያስገኝ ተናግሯል። እዚያ የሚገዛው ወረቀት ነው።

ፊውዳሊዝምን መሻር ማለት ሥልጣኑን ቀብሮ ስሙን ለጨረታ ማውጣት አይደለም። ስኮትላንድ በ2004 የጀመረችውን ሥራ ትጨርስ።