አበባው እምቢ አለ ማለት ልጁ እምቢ አለ ማለት ነው?

ሰሞኑን አንድ ደብዳቤ ከልቤ አልወጣ ብሎኝ ሰንብቷል። የመጣው ከሚዛን ተፈሪ ነው። ደብዳቤ አልኩት እንጂ የዛሬ ልጅ እስክሪብቶ ትቷል፤ በቴሌግራም ነው የደረሰኝ፣ ከሦስት ፎቶ ጋር። ፎቶው ላይ ሰው የለም። አንገቱ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ ጀሪካኑ ውስጥ አፈር፣ አፈሩ ላይ ሰፋ ሰፋ ያሉ ቢጫ የጀማመራቸው ቅጠሎች። በቃ። አበባ የሚባል ነገር የለም።

የጻፈችልኝ የ23 ዓመት ልጅ ናት። ፍቅረኛዋ እዚያው ሚዛን አብሯት ያደገ ልጅ ነው፤ ሆላንድ ከገባ አራት ዓመት አልፎታል። ባለፈው ጥቅምት ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ አንድ ጥቅል ላከላት። ሽቶ ነው ስልክ ነው እያለች ስትፈታው... ሽንኩርት! ሃያ ፍሬ፣ ቡናማ ልጣጭ ያለው ደረቅ ሽንኩርት። ከሥሩ አጭር ወረቀት አለ፦ «የቱሊፕ አበባ ነው። ትከይው። ሲያብብ እመጣለሁ።»

እናቷ ወረቀቱን አላዩም። ማታ ሁለቱን ልጠው ለወጥ ከትፈዋቸው ነበር፤ ደግነቱ ሽታው አላማራቸውምና ደፉት። ነገሩን ሲሰሙም «ጎደሬ ቢልክልሽ ይሻል ነበር፣ እሱ እንኳ ይበላል» አሉ ይባላል። የቀሩትን አሥራ ስምንቱን ልጅቷ ህዳር ላይ ተከለች። «ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ነው የማያቸው» ብላኛለች። ጥር ላይ ቅጠል ብቅ ሲል ቤተሰቡ ሁሉ ተደሰተ። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ፤ ቅጠሉ እንጂ አበባው የለም። ይሄኔ አንዲት ሟርተኛ ጎረቤት አጥር ላይ ተደግፋ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄማ የመከነ ነገር ነው። እዚያ ሌላ ይዟል» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ስልኩን አታነሳለትም። ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ጥያቄዋ አንድ መስመር ናት፦ «አበባው ያላበበው ለምንድን ነው? ልተወው?»

ልተወው ያለችው አበባውን ይሁን ልጁን አልነገረችኝም። እንግዲህ ስለ ሁለቱም እጽፋለሁ።

እህቴ፣ መጀመሪያ አበባው። ቱሊፕን ሁላችንም የሆላንድ ልጅ አድርገን ነው የምናውቀው። ትውልዱ ግን መካከለኛው እስያ፣ ተራራ ላይ ነው። ከዚያ በቱርኮች እጅ አልፎ ወደ አውሮፓ ገባ፤ ሆላንድ ውስጥ ላይደን ከተማ በ1594 (እ.ኤ.አ.) አበበ። ከዚያ በኋላማ ሰዉ አበደበት። ለአንድ ፍሬ ሽንኩርት የቤት ዋጋ እስከመጠየቅ ደርሰው ነበር፤ በ1637 የካቲት ላይ ገበያው በአንድ ጊዜ ወደቀ። ይሄን የምነግርሽ ይህች ሽንኩርት ሰው ስታሳብድ ያንቺ የመጀመሪያው እንዳልሆነ እንድታውቂ ነው።

ወደ ተራራው ልመልስሽ። እዚያ ክረምቱ በረዶ ነው። ቀድሞ ከአፈር የወጣ ቡቃያ ውርጭ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ቱሊፕ ብርድ ይቆጥራል። ከ12 እስከ 16 ሳምንት፣ ከ2 እስከ 9 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ ውስጥ ካልቆየ «ክረምቱ አለፈ» ብሎ አያምንም። አበባውማ ከመተከሉ በፊት እዚያው ሽንኩርቱ ውስጥ ተጸንሶ ተቀምጧል። እናትሽ የከተፉትን ልብ ብለሽ አይተሽው ቢሆን መሀሉ ላይ ያቺን ትንሽ ጽንስ ታገኛት ነበር። ብርዱ ነው በውስጡ የተከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው፣ ብርዱ ነው አገዳው እንዲመዘዝ የሚያደርገው። ብርድ ያጣ ቱሊፕ ቅጠል ያወጣል፣ ጽንሱ እውስጡ ደርቆ ይቀራል። ልክ እንዳንቺው።

ፈረንጆቹ ታዲያ ከመስከረም እስከ ህዳር ይተክሉታል፤ በረዶው ሥራውን ይሠራል፤ ከመጋቢት ጀምሮ ያብባል። (መቼም የኛ ሰው መስከረምን «ጸደይ» ማለት ይወዳል፤ አደይ ስላየ ነው። በአገራችን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው ነው፣ ጸደይ የሚገባው ገና መጋቢት 26 ነው። የኛ ሜዳ አበባ ሲለብስ የነሱ ዛፍ ቅጠሉን ያራግፋል።) ሚዛን ተፈሪ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ነው፣ ቴፒ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። እናንተ ዘንድ ሌሊቱ ቢበርድ ነጠላ ያስደርባል እንጂ አፈሩን ፍሪጅ አያደርገውም። አዲስ አበባም ብትተክይው ብዙ አይለይም፤ የኅዳር ሌሊት ቢቆረጥምም ቀን ፀሐዩ መልሶ ያሞቀዋል። አሥራ ስምንቱም ሽንኩርት ሚዛን የማይመጣ ክረምት ሲጠብቁ ነው የከረሙት።

እኔ ቴፒ አጎቴ ዘንድ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፤ አንቺ የምታውቂውን ነው የምነግርሽ፣ ለአዲስ አበባ አንባቢዎቼ ግን ይጠቅማል። ቡናም ይቆጥራል፤ የሚቆጥረው ግን ብርድ ሳይሆን ጥም ነው። በደረቁ ወራት እንቡጡ ቅጠሉ ሥር ሥር ችምችም ብሎ ይወጣና የክብሪት ራስ እያከለ ቀጥ ይላል። ሳምንት ያልፋል፣ ወር ያልፋል፣ አይንቀሳቀስም። የማያውቅ ሰው «ይሄ መከነ» ይላል፤ ጎረቤትሽ የቡና አገር ሰው ሆና እንዲህ ማለቷ ይገርማል። የካቲት ወይም መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ደህና አድርጎ ሲጥል ጊዜ፣ ስምንት አሥር ቀን ቆይቶ አንድ ጠዋት ጫካው ሁሉ ነጭ ሆኖ ይነጋል። ሽታው ከመንገድ ላይ ያቆማል። ሁለት ሦስት ቀን ነው ዕድሜው፤ ከዚያ ይረግፋል፣ ፍሬውን ለመልቀም ሰባት ስምንት ወር መጠበቅ ነው። ጥም ያላየ፣ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ያልተለየው ቡና ግን እዚህም እዚያም ይንጠባጠባል እንጂ እንዲህ አንድ ላይ አያብብም።

አሁን ልጁን ላምጣው። የቡና አገር ልጅ ሆኖ ተክል አገሩን እንደሚፈልግ እንዴት ጠፋው? ያለበት ከተማ ሰዎች እንኳ ያውቁ ነበር። ከናንተ ደን ወጥቶ በየመን አድርጎ ጃቫ የደረሰውን ቡና ሆላንዶች በ1706 (እ.ኤ.አ.) አምስተርዳም አምጥተው በዕፅዋት ማኖሪያቸው ሲያስቀምጡት ውጭ ብርድ ላይ አልጣሉትም፤ የሞቀ ቤት ውስጥ ነው ያኖሩት። በ1714 ከዚያው ዘር አንድ ችግኝ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ ላኩ፤ የዚያ ተክል ልጆች ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ደረሱ። ሦስት መቶ ዓመት አልፎት ያንቺው ልጅ ሽንኩርቱን በላስቲክ ጠቅልሎ «ትከይው» ብሎ ላከ።

ቢሆንም አትፍረጂበት። ሽንኩርቱ እዚያ በየሱፐርማርኬቱ ይሸጣል፣ ማሸጊያው ላይ ያማረ የአበባ ፎቶ አለ፤ «ፍሪጅ ውስጥ ክተቱት» የሚል ማስጠንቀቂያ ለነሱ አያስፈልጋቸውም፣ ደጁ ራሱ ፍሪጅ ነውና። አይቶ ደስ ብሎት፣ አስቦሽ ነው የላከው። አለማወቅ ክህደት አይደለም። እኔም በ21 ዓመቴ አንዲት ሴትዮ የሲኒዬን አተላ አይታ «ጀርባውን ሰጥቶሻል» ስላለችኝ ብቻ አንድ ደህና ልጅ አኩርፌ አጥቻለሁ። በኋላ ስሰማ ያን ሰሞን ልጁ ወባ ይዞት ተኝቶ ነበር። ስለዚህ ሽንኩርትም ሲኒም ይመስክሩብን ብለን አናስገባቸው።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ያቺ ወረቀት። «ሲያብብ እመጣለሁ» ማለት ምን ማለት ነው? አራት ዓመት የጠበቀች ልጅ ቀን ነው የሚነገራት። «ለጥምቀት እመጣለሁ»፣ «ወረቀቴ በዚህ ወር ያልቃል»፣ «ገንዘብ አልሞላልኝም፣ አንድ ዓመት ታገሺኝ»፤ ይሄ ሁሉ መልስ ነው፣ መጥፎውም ቢሆን። መምጣቱን ጀሪካን ውስጥ ላለ ተክል አሳልፎ መስጠት ግን ያምራል እንጂ መልስ አይደለም። ሆን ብሎ ነው አልልም። ልጁን አላውቀውም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ምናልባት ቀኑን ራሱም አያውቀው ይሆናል፣ ይሄንንም መናገር አፍሮ ይሆናል። ስደት ላይ ያለ ወንድ «አልቻልኩም» ከማለት አበባ መላክ ይቀለዋል።

ያንቺንም ጥፋት ልንገርሽ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልክ ሳታነሺ ስትቀሪ፣ እሱ ምን አጠፋሁ ብሎ እንደሚያስብ አስበሻል? ስለ ቅጠሉ እንኳ አልነገርሽውም። እሱ እዚያ ሆኖ አብቧል ብሎ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ደውይለት። ጎረቤትሽ ያለችውን አትንገሪው፤ ከነገርሽው ጨዋታው ሁሉ ስለሷ ይሆናል። እንዲህ በይው፦ «ቱሊፕህ እዚህ አያብብም፣ ብርድ የለንም። አበባውን ትተን መቼ እንደምትመጣ ንገረኝ።» ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚ። ወር ከጠራ፣ ምን እንደያዘው ካስረዳሽ፣ ረጅም ቢሆንም አስቢበት። እየሳቀ «ሌላ ሽንኩርት እልካለሁ» ካለሽ ግን ሳቂና መልሰሽ ያንኑ ጥያቄ ጠይቂው። ሦስተኛም ጊዜ ካለፈው ያን ጊዜ ጻፊልኝ፤ ልተወው ላልሽው የምመልሰው ያኔ ነው።

አበባውን ግን አትተዪው። ቅጠሉን አትቁረጪ፤ ሽንኩርቱ ለከርሞ የሚሰንቀው በሱ ነው። ቅጠሉ ራሱ ሲደርቅ፣ ዝናቡ ሳያበሰብሰው አውጪው፣ ጥላ ላይ አድርቂው፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ በወረቀት ከረጢት አኑሪው። የመስከረም ማብቂያ ላይ ፍሪጅ ውስጥ ክተቺው፤ ማቀዝቀዣው እንጂ በረዶ ቤቱ እንዳይሆን። አሥራ አራት ሳምንት ይቆይ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቺ፣ ብርዱን ይዞ ይቆያል። ጥር መግቢያ ላይ ጫፉን ወደ ላይ አድርገሽ፣ አንድ ጣት ሙሉ ያህል አጥልቀሽ ጥላ ያለበት ቦታ ትከይው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ብርድ ሳያገኝ የከረመ ሽንኩርት ጉልበቱ ይደክማል፤ ከአሥራ ስምንቱ ሁለት ሦስት ካበቡልሽ ተመስገን በይ።

ደጅሽ አበባ እንዲኖረው ብቻ ከሆነ የምትፈልጊው፣ ብርድ የማይጠይቁ ሞልተዋል። ካና አለች፣ ሙዝ የመሰለ ቅጠል ያላት፤ ከሰው ግቢ አንድ ቁራጭ ሥር ብትለምኚ ትበቃሻለች። ግላዲዮለስም እንደ ሽንኩርት ይተከላል፣ በሦስት ወር ገደማ ያብባል። ዝናብ ሲገባ ደን ውስጥ ብቅ የሚለው ያ ቀይ ኳስ የመሰለ አበባም፣ ሳይንሱ ስካዶክሰስ የሚለው፣ ሽንኩርት ነው ያለው፤ የአገራችን ተወላጅ ነው። እሱን ግን ከደን አትንቀዪው። መርዝም አለው፤ ፍየልና ሕፃን እንዳይነካው።

ከውጭ ተክል ለምትልኩ ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፣ ልጁም ያንብበው። ሥርና ዘር ወደ አገር ሲገባ የኳራንቲን ፈቃድ የሚጠየቀው ለማስቸገር አይደለም። ፍሬውን ጥቁር አድርጎ የሚያረግፈው የቡና በሽታ ኬንያ ውስጥ የታወቀው በ1922 (እ.ኤ.አ.) ነበር፤ እኛ ዘንድ በ1971 ታየና ስንቱን ገበሬ አስለቀሰ። በሽታ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋርም ተሸፍኖ ይመጣል። ሚዛንና ቴፒ ደግሞ የሚኖሩት በቡና ነው።

እህቴ፣ የቀረኝ ሁለት ነገር ነው። ፍሪጁ ውስጥ ሽንኩርቱን ከሙዝ፣ ከማንጎና ከአቮካዶ አርቂው፤ ሲበስሉ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፣ እሱ ጽንሱን ያደርቀዋል። የናንተ ቤት ደግሞ ሙዝ እንደማይጠፋው አውቃለሁ። ሁለተኛው፣ ከረጢቱ ላይ በትልቁ «ወጥ ውስጥ አይገባም» ብለሽ ጻፊበት። ሆላንዶች በ1944 እና 1945 (እ.ኤ.አ.) የጦርነት ረሃብ ጊዜ ቱሊፕ በልተዋል፤ ያም ቢሆን መሀሉን እያወጡ፣ ቸግሯቸው ነው። ሆድ ያማል። እናትሽን ሰላም በይልኝ።