ሽሮው ይወፍር፤ የሕፃኑ እንቁላል ግን ገበያ አይውጣ

ሥጋንና የእንስሳት ተዋጽኦን እርግፍ አድርጎ ስለመተው የሚነገረው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከከተማ አልፎ ገጠር ገብቷል። ተምሮ ለበዓል የሚመለስ ልጅ ለአባቱ ያወራዋል፤ በስልክ የሚዞር ቪዲዮ ያሳየዋል። «ሥጋ በሽታ ነው፤ ጥራጥሬና ቅጠል ይበቃል» የሚል ወገን አለ። «ልጅ ያለ ወተትና እንቁላል አያድግም» የሚልም አለ። ሁለቱም በከፊል ትክክል ናቸው። ችግሩ ስለ ማን ጓዳ እንደሚነጋገሩ ሳይለዩ መከራከራቸው ነው።

ሥጋ ቀንሱ የሚለው ምክር የተነሳው ሥጋ ከበዛበት አካባቢ ነው። የዓለም አማካይ የሥጋ ፍጆታ በነፍስ ወከፍ በዓመት ከ40 ኪሎ ግራም በላይ ሲሆን በአሜሪካ ከ100 ኪሎ ግራም ያልፋል። በኢትዮጵያ ግን አሥር ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም። በጥር 2011 ዓ.ም ይፋ የሆነውና በብዙ አገሮች መነጋገሪያ የነበረው የኢት-ላንሴት ኮሚሽን ሪፖርት ቀይ ሥጋ እንዲቀነስ፣ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ በእጥፍ እንዲጨምር ሲመክር፣ ሕፃናት በምግብ እጥረት በሚጎዱባቸው ድሃ አገሮች የእንስሳት ተዋጽኦ አስፈላጊ ሊሆን እንደሚችል አብሮ ጠቅሷል። በስልክ የሚዞረው ቪዲዮ ይህችን ሁለተኛዋን ነገር አያነሳትም።

ሌላም ልዩነት አለ። በበለጸጉት አገሮች ከብት የሚደልበው ሰው ሊበላው በሚችል በቆሎና አኩሪ አተር በመሆኑ፣ ሥጋ ሲቀንስ መሬት ይተርፋል ይባላል። በደጋና በወይና ደጋ የሚኖር አርሶ አደር በሬውን የሚቀልበው በጭድ፣ በገለባና በግጦሽ ነው። በሬው አራሽ ነው፤ ኩበቱ ማገዶና ማዳበሪያ ነው፤ ላሟ ነገ ጥማድ የምትሰጥ ናት። የበሬን ሥጋ ባይበላ እንኳ በሬውን አያስወጣውም። ስለዚህ «ሥጋ መተው መሬትን ያድናል» የሚለው ክርክር እዚህ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል።

ደግሞስ አርሶ አደሩ ሥጋ የሚበላው መቼ ነው? የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ የሆነው ምእመን ዐቢይ ጾምን፣ የነቢያትን፣ የሐዋርያትንና የፍልሰታን ጾም፣ ነነዌን፣ ከበዓለ ሃምሳ ውጭ ያለውን ረቡዕና ዓርብ ሲቆጥር በዓመት እስከ 180 ቀን ገደማ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ይርቃል። ለካህናቱ እስከ 250 ቀን ይደርሳል። በወሎ ያለ ሙስሊም አርሶ አደር ይህ ክልከላ የለበትም፤ ሆኖም ከዒድና ከአረፋ ወይም ከሠርግ ውጭ ሥጋ ማዕዱ ላይ የሚያገኝ ጥቂት ነው። ከተሜው ወደፊት ሊሞክረው የሚያስበውን አመጋገብ ገጠሩ ግማሹን በሃይማኖት፣ ግማሹን በኪሱ ምክንያት ሲኖረው ቆይቷል።

ስለዚህ ለወረዳ አመራርም ሆነ ለአርሶ አደሩ ትክክለኛው ጥያቄ «ሥጋ እንተው ወይስ አንተው» አይደለም። ሥጋ በሌለበት ቀን ማዕዱ ላይ የሚቀርበው ምንድን ነው? ከቤተሰቡስ ውስጥ ጭራሹን ያለ እንስሳት ተዋጽኦ መኖር የማይችለው ማን ነው? እነዚህ ሁለቱ ናቸው መልስ የሚሹት።

ከመጀመሪያው ለመጀመር፣ በጾም የሚበላው ምግብ በራሱ ደካማ አይደለም። እንዲያውም የአበው ጥበብ ያለበት ነው። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል፤ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተርና ምስር ደግሞ በዚሁ የበለጸጉ ናቸው። እንጀራና ሽሮ አንድ ላይ ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ሊጥ ሲቦካ እህሉ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ንጥረ ነገር ይቀንሳል። በቆልትም እንዲሁ። ስልጆ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ጎመን በዘይት የሚሠሩ ሁሉ ቦታ ቦታ አላቸው። ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ከወጡ ጋር ሲበላ ሰውነት ከጥራጥሬ የሚያገኘው ብረት ይጨምራል፤ ቡናና ሻይ ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጣ ደግሞ ይቀንሳል። ቡናው አይቅር፤ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆይ ግን ምንም አይጎድልም።

እንግዲህ ጉድለቱ ያለው ከሽሮው ዓይነት ሳይሆን ከውፍረቱ ነው። መቶ ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ሲበስል ውኃ ስለሚጠጣ በመቶ ግራም ወደ ዘጠኝ ይወርዳል። ሽሮ ደግሞ በውኃ በረዘመ ቁጥር የበለጠ ይወርዳል። ስድስት ሰው በሁለት ጭልፋ ዱቄት የተበጠበጠ ቀጭን ሽሮ ሲበላ፣ የበላው በአብዛኛው እንጀራ፣ በርበሬና ጨው ነው። ይህን ከሥጋ የራቀ አመጋገብ ብሎ ማሞገስ አይቻልም። ከሥጋም ከጥራጥሬም የራቀ ነውና።

ጥራጥሬ አምራቹ ቤት ውስጥ ጥራጥሬ የሚያንሰው ለምንድን ነው? መልሱ ገበያ ነው። ምስር፣ ሽምብራና ማሾ ጥሩ ዋጋ የሚያወጡ፣ ለውጭ ገበያም የሚፈለጉ ምርቶች ናቸው። አርሶ አደሩ አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ለማዳበሪያ ዕዳና ለልጆች ደብተር ወዲያው ይሸጣል። በዓመቱ አጋማሽ የሸጠውን በእጥፍ ዋጋ ከከተማ በኪሎ ሲገዛ ይገኛል። መሸጡ ጥፋት አይደለም። ሳይቆጥሩ መሸጥ ግን ጥፋት ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ለአንድ ሰው በቀን 60 ግራም ደረቅ ጥራጥሬ ቢታሰብ፣ ስድስት ሰው ላለበት ቤት በቀን 360 ግራም፣ በዓመት ደግሞ 131 ኪሎ ግራም ይሆናል። ባቄላም ሽምብራም በሄክታር 20 ኩንታል ገደማ እንደሚሰጡ ቢወሰድ፣ ሩብ ሄክታር አምስት ኩንታል ያስገኛል። ለባቄላ ዘር ግማሽ ኩንታል ይነሳ። ከቀረው አራት ኩንታል ተኩል ውስጥ አንድ ኩንታል ከሠላሳ ኪሎው ጎተራ ይግባ። ከሦስት ኩንታል በላይ ለገበያ ይተርፋል። ይህን ያህል ያስቀመጠ ቤት የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ብቻ ሳይሆን ክረምቱንም በወፍራም ሽሮ ይሻገራል።

ከመሬቱ በኩል ሲታይም ጥራጥሬ ለነገ ስንዴ የሚጠቅም ነው። በሥሩ ላይ ያሉት እብጠቶች ናይትሮጅን ከአየር ያስራሉ። ለዚህ የሚረዳው ሕያው ማዳበሪያ ለሩብ ሄክታር የሚበቃው 125 ግራም ብቻ ሲሆን ዋጋው ከዩሪያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሆኖም በብዙ ቦታ የኩታ ገጠም ዕቅድ ሲወጣ የሚታየው የስንዴና የበቆሎ ሄክታር ነው፤ ጥራጥሬ የሚነሳው መጨረሻ ላይ፣ በቀረው መሬት ነው። ቆርምድ የተባለው በሽታ በደጋ አካባቢዎች ባቄላን ካጠቃ ወዲህ ብዙ አርሶ አደር ከባቄላ ሸሽቷል። ይህ የአርሶ አደሩ ስንፍና አይደለም። የፀረ ፈንገስ መድኃኒት በወቅቱ ካልደረሰ፣ የተሻሻለ ዘርም ካልቀረበ፣ «ጥራጥሬ ብሉ» ማለት ባዶ ሰፌድ እንደማቅረብ ይቆጠራል።

ርካሽ ጥራጥሬ ተብሎ ወደ ጓያ መዞርም መፍትሔ አይደለም። ጓያ ድርቅ ይችላል፤ ዋልካ መሬት ላይ ሌላው ሲጠፋ እሱ ይቆማል። ለዚህም ነው በክፉ ዘመን ዋና ምግብ የሚሆነው። በ1969 ዓ.ም ገደማ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በጓያ ተሰብሮ በምርኩዝ ቀርቷል። ጉዳቱ የሚመጣው ጓያ ለወራት የምግቡን አብዛኛውን ድርሻ ሲይዝ ነው። መዘፍዘፍ፣ የዘፈዘፉበትን ውኃ መድፋትና ከሌላ እህል ጋር ማቀላቀል አደጋውን ይቀንሳል፤ አያጠፋውም። በገበያ በርካሽ የሚገኝ የሽሮ ዱቄት ጓያ የተቀላቀለበት ሊሆን እንደሚችልም ገዢው ማወቅ ይኖርበታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። አዋቂ ሰው ሥጋ ቢተው በራሱ ይወስን። ለበዓል ቅርጫ ለመግባት ገንዘብ የሚበደር አባወራ ብድሩን ትቶ ምስር ቢያሠራ በጤናው ላይ የሚደርስ ጉዳት የለም። ጥሬ ሥጋ የሚያዘወትረውም ቢቀንስ ከኮሶ ትል ይድናል። ጾሞ በፋሲካ እንቁላልና ወተት የሚቀምስ ሰውም የሚያሳስበው ነገር አነስተኛ ነው። ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከእንጀራም ከሽሮም አይገኝም፤ የጤነኛ አዋቂ ጉበት ግን ለዓመታት የሚበቃ ክምችት አለው።

ሕፃን ይህ ክምችት የለውም። ሆዱም ትንሽ ስለሆነ በጥራጥሬ ሞልቶ የሚያስፈልገውን ብረትና ዚንክ ማግኘት ይቸግረዋል። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለው ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚካስ አይደለም። በ2011 ዓ.ም የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአገር አቀፍ ደረጃ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው መቀንጨራቸውን ሲያሳይ፣ በአማራ ክልል ከ40 በመቶ በላይ ነበር። ትርፍ አምራች የሚባሉ ወረዳዎችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን እስከ 2022 ዓ.ም ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን ለማስቀረት ያለመ ነው። ጊዜው ሩቅ አይደለም።

እዚህ ላይ በግልጽ ሊነገር የሚገባው የጾሙ ጉዳይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ይጹም አትልም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ከንስሐ አባቷ ጋር ተመካክራ የምትታለፍበት ሥርዓት አለ። ሆኖም በክልሉ በተካሄዱ ጥናቶች ተደጋግሞ የታየው፣ በጾም ወቅት ለሕፃኑ እንቁላል ወይም ወተት የማይሠራው እናቲቱ ሕፃኑ ይጹም ብላ ሳይሆን የቤቱ ዕቃ በፍስክ እንዳይነካ በመስጋት መሆኑን ነው። ስጋቱ የሚናቅ አይደለም፤ መፍትሔው ግን ቅርብ ነው። ለሕፃኑ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ይበቃል። ይህን ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይልቅ የደብሩ ካህን ሲናገረው እናቶች ይሰሙታል፤ ስለዚህ ወረዳው ካህናቱን ሳይዝ የሚያደርገው የሥነ ምግብ ቅስቀሳ ግማሽ ነው።

በ2015 ዓ.ም የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮ፣ ወተትና ማር ላይ ትኩረት ማድረጉ ለዚህ ጥሩ መደላድል ነው። ይሁን እንጂ ከቀበሌ ወደ ወረዳ የሚወጣው ሪፖርት የሚቆጥረው የተሰራጨ ጫጩትንና የተመረተ እንቁላልን ነው። እንቁላሉን ማን በላው የሚለው በሪፖርቱ ቦታ የለውም። ሌማት የሚባለው ደግሞ የሚበላበት ዕቃ እንጂ ወደ ገበያ የሚወሰድበት አይደለም።

የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። ለአንድ ሕፃን በሳምንት ሦስት እንቁላል ቢመደብ በዓመት 156 ይሆናል፤ ሦስት የአገር ዶሮዎች ወይም አንዲት በአግባቡ የተያዘች የተሻሻለ ዝርያ ዶሮ ማለት ነው። አምስት ዶሮ የተሰጠው ቤት የአንዷን ለሕፃኑ ትቶ የአራቱን ቢሸጥ ጨውና ሳሙናው አይጎድልም። ላም ያለው ቤትም ቅቤ ለማውጣት ከሚንጠው ወተት በፊት አንድ ብርጭቆ ለሕፃኑ ይቅዳ፤ አፍልቶ ይስጠው፤ ጥሬ ወተት በሽታ ያስተላልፋልና። ዶሮም ላምም የሌለው ቤት አለ። ለእሱ ስለ ሦስት እንቁላል ማስላት ፌዝ ይሆናል፤ የወረዳው የዶሮ ሥርጭት ሕፃን ካላቸውና ምንም ከሌላቸው ቤቶች ቢጀምር ይሻላል እንጂ በየጊዜው ሞዴል ወደሚባሉት ብቻ መሄዱ አይጠቅምም።

የግብርናው ባለሙያና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በአንድ ቀበሌ እየሠሩ በየፊናቸው ሪፖርት ያደርጋሉ። አንዱ ኩንታል ይቆጥራል፤ ሌላዋ ሕፃን ትመዝናለች። ወረዳዎች ለመጪው የምርት ዘመን ዕቅድ ሲያወጡ ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሁለት ነገር ቢያስሞሏቸው በቂ ነው፦ ስንት ቤተሰብ ለዓመት ቀለብ የሚበቃ ጥራጥሬ ጎተራ አስገባ፣ ከሁለት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ስንቶቹ በዚህ ሳምንት እንቁላል ወይም ወተት ቀመሱ። የሽምብራ መሬት የሚዘራው ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ በቀረው እርጥበት ነውና፣ የመጀመሪያውን መልስ ለማሻሻል ዘሩና ሕያው ማዳበሪያው ከነሐሴ መጨረሻ በፊት ቀበሌ መድረስ አለበት።