ሽበቱን ተዉላት

እህቶቼ፣ እዚህ ናይፍ አርባ የሞላት እህታችን ሥራ ልትፈልግ ስትነሳ መጀመሪያ የምንላት "ፀጉርሽን ቀለም ተቀቢ፣ የአንገትሽን ንቅሳት በሜካፕ ደብቂው" ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። መክተቡ ፓስፖርቷን ሲያይ ዕድሜዋን ያነባል፤ ቀለሙ የሚበላው ድርሃሟን ብቻ ነው። የዚህ አገር የ2022ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 9 ከ18 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል እንጂ ሽበትን አይከለክልም። ንጹሕ ልብስ ትልበስ፣ ፀጉሯን በሻሽ ትሰር፣ እሺ። ከዚያ ግን ዝም አትበል፦ ስንት ልጅ እንዳሳደገች፣ መጅቡስ እንደምትሠራ፣ ዐረብኛ እንደምትሰማ ራሷ ትናገር። ገና ትናንት የመጣች ልጅ ይኼ የላትም። ሽበት የማትወድ ማዳም ካለችም እዚያው መክተብ ብትናገር ይሻላል፤ ቤት ገብታ ቀለሙ ሲለቅ ከመመለስ። እኛ ታናናሾቿ ቀለም ከምንገዛላት የምትናገረውን በዐረብኛ እናለማምዳት።