«ፎርማት ይደረግ!»

አንድ ፕሮግራም አልጫን ሲለን ጓደኛም፣ ጎረቤትም፣ ባለሱቁም የሚያዝልን መድኃኒት አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ!» ጥፍሩን ያመመውን ሰው እግሩን እንደ መቁረጥ ማለት እኮ ነው! ኮፒ ካላስቀረን የመመረቂያ ጽሑፋችንም፣ የእናታችን ፎቶም አብሮ ይሄዳል።

እስቲ በመጀመሪያ «ኦኬ» ብለን የምናባርረውን መልእክት እናንብበው። የዊንዶውስ ኢንስቶለር 1618 ካለን ሌላ ፕሮግራም እየተጫነ ነውና እስኪያልቅ እንጠብቅ። 1925 ካለን በአድሚኒስትሬተር ስም ገብተን እንሞክር። 1633 ካለን ፕሮግራሙ ለእኛ ማሽን አይሆንም፤ ለምሳሌ የ64 ቢቱን 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ እየጫንን ይሆናል። ፎርማት አድርገን ያንኑ ዊንዶውስ ብንመልስ 1633 እዚያው ይጠብቀናል።

እርግጥ 1603 ድፍን ያለ ነው፤ «አልሆነም» ከማለት አያልፍም። እሱም ቢሆን ፕሮግራሙ ቀድሞ ተጭኖ እንደሆነ፣ የምንጭንበት ፎልደር ፈቃድ ተከልክሎ እንደሆነ ሳናጣራ ዲስክ አይጠረግም።

ፎርማት አይደረግ አላልንም፤ የመጨረሻው ይሁን ነው ያልነው። ለሚሠራው ሰው ይቀለዋል፤ ለጠፋው ፋይል የምናለቅሰው ግን እኛው ነን። ስለዚህ ፍላሹን ይዞ የሚመጣውን ወዳጃችንን አስቀድመን እንጠይቀው፦ «ቆይ፣ ቁጥሩ ስንት ይላል?»